ገብስ የተዘራበት ጣሪያ

ደብረ ታቦር ከተከራየሁበት ቤት ጎን ባለፈው ሰሞን የቤት መሠረት መቆፈር ተጀመረ። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የተገለበጠ እርጥብ አፈር ሽታ ገባ። ሥራ እንደሚረፍድብኝ እያወቅሁ ሄጄ በአጥሩ ቀዳዳ ቆሜ ቀረሁ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እህቴ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም፣ እያሸተትሁ ነው» አልሁት።

ዞር ብሎ ጓደኛውን ሲያየው ስለ ጤንነቴ ምን እንዳሰበ ገባኝ። አልፈርድበትም። በአጥር ቀዳዳ አፈር የምታሸት ሴት ባይ እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። ለእኔ ግን ያ ሽታ የአንድ ዓመት ሽታ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል ነበርሁ፣ አያቴም ከቤታችን ጀርባ ያለውን ተረተር ይቆፍሩ ነበር።

መንደራችን አስታ በር ትባላለች። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ለመጣ ሰው፣ መኪናው ከቆመበት በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ይቀረዋል። ገብስና ድንች እንጂ ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልባትም። ነፋስ ግን ሞልቷል። ቤታችን የቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ አባቴም ይኮራበት ነበር፤ በእኛ አገር ቆርቆሮ የሌለው ሰው ስብሰባ ላይ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። ይኸ የተከበረ ቆርቆሮ ታዲያ ቀን ያቃጥለናል፣ ሲመሽ ብርዱ ከውጭው ይብሳል። የእኔ ሥራ ኩበት መልቀም ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ቅርጫቴን ይዤ የከብቱን ኮቴ እከተላለሁ። ኩበቱ ይነዳል፣ ጭሱ ለዓይናችን ይቀራል፣ ሙቀቱ በክዳኑ ስር ሾልኮ ይወጣል። «እኛ የምናሞቀው ጉናን ነው» ይሉ ነበር አያቴ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንድሜ ሞቶብን ነበር። ገና የሁለት ወር ልጅ ነበር። ሐምሌ ላይ ሳል ያዘው፣ «ብርድ መታው» ተባለ፣ ወንዙ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሻገር አልተቻለም፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከቀብር እንደተመለስን ዝናብ ጣለ። እናቴ ብድግ አለችና ጋቢዋን ይዛ ወጣች። አባቴ ተከትሎ ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይዟት ተመለሰ፤ ጋቢው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ በትንሿ መቃብር ላይ ተዘርግቶ፣ አራቱ ጫፍ ድንጋይ ተጭኖበት አየሁት። የመሰለኝ ልታሰጣው ነው።

«እማዬ፣ በዝናብ ጋቢ ይሰጣል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ሥራዋን ታቆማለች። እጇን አጣጥፋ ወደ በሩ ታይና፣ «በረደው» ትላለች። ማንን እንደምትል ስላልገባኝ ጥጃውን እፈልግና ወደ እሳቱ አስጠጋው ነበር። በዚያ ክረምት እንደኛ ጥጃ የሞቀው ጥጃ በእስቴ ወረዳ አልነበረም።

አያቴን መንደሩ አያ ደሴ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። የአባቴ አባት ናቸው። በልጅነታቸው ለድቁና ተምረው አቋርጠዋል፤ ከዚያ ትምህርት ዳዊትና ጥላ መለካት ቀርቷቸዋል። በዐቢይ ጾም የቅዳሴውን ሰዓት ለቄሶቹ የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሜዳ ላይ ይቆማሉ፣ የጥላቸው ጫፍ ያረፈበትን ይይዛሉ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያገናኙ ይቆጥራሉ። በየትኛው ወር ስንት እግር ጥላ ስንት ሰዓት እንደሆነ በቃላቸው ያውቁታል። ሞባይል ከገባ ቆይቷል፤ ቄሶቹ ግን ሞባይላቸውን አይተው ካበቁ በኋላ አሁንም ለማረጋገጥ አያ ደሴን ይጠይቃሉ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጭ በመስኖ የተከልነውን ድንች መታው። ጠዋት ስንወጣ ቅጠሉ ጠቁሮ ተኝቷል። አባቴ ራሱን ይዞ ድንበሩ ላይ ተቀመጠ። አባባ ግን ተንበርክከው አፈሩን ጫሩና አንድ ድንች አወጡ፤ ገና ያልደረሰ ነው፣ ግን ደህና ነው። ከዚያ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ጠሩኝ።

«እንጉዳይ፣ ነይ እጅሽን ክተች።»

ከተትሁ።

«ይበርዳል?»

«አይበርድም።»

«ይኸ ድንች በብልሃት ይበልጠናል» አሉና እጃቸውን አራግፈው ተነሱ።

ጥምቀት እንዳለፈ ዶማ ይዘው ወደ ተረተሩ ወጡ። በየቀኑ ጠዋት ይቆፍራሉ፣ ሲደክማቸው አፈሩ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ እንደገና ይቆፍራሉ። ምን እንደሚሠሩ የጠየቃቸውን ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉታል። እኔ ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም። መሬት ውስጥ የሚገባው ነገር ሁለት ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር፦ ድንችና የሞተ ሰው። አንድ መነኩሴ በቁማቸው መቃብራቸውን ቆፍረው በየቀኑ እየገቡ ይጸልዩበት እንደነበር ደግሞ ከአባባ ከራሳቸው ሰምቻለሁ። አባባ አርጅተዋል፣ ዳዊት ይደግማሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሊሞቱብኝ ነው።

ስለዚህ ዶማውን ደበቅሁት። መጀመሪያ ጭድ ክምር ውስጥ፣ ሲያገኙት በረት ውስጥ፣ እንደገና ሲያገኙት ሜዳ ላይ ካለው የጅብራ ተክል ስር። በአራተኛው ቀን ዶማውን ተሸክሜ ስሮጥ ከፊት ለፊቴ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሌባዬ አንቺ ነሽ ለካ። ምን አደረገሽ ዶማው?»

ለቅሶዬ ቀደመኝ። «አይሙቱ አባባ» አልሁ።

ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጉድጓዱ አስገቡኝ። የተረተሩን ሆድ ገብተው ቆፍረውት በሦስት በኩል የአፈር ግድግዳ ሆኗል፤ አራተኛው በኩል ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ያያል። ነፋሱ ከላያችን ያልፋል እንጂ አይነካንም። አስቀመጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እናትሽ ነፍሰ ጡር ናት» አሉኝ። «ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። ያለፈው ክረምት ምን እንዳደረገን አንቺም አይተሻል። አሁን የሚመጣውን ልጅ ለዚያ ቆርቆሮ አልሰጠውም። ቤት እየሠራሁለት ነው።»

«መሬት ውስጥ?»

«ድንቹ ተርፎ የለም እንዴ?»

ከዚያ ስለ ፀሐይዋ ነገሩኝ። በብርዱ ወራት ወደ ዓባይ በኩል አጋድላ እንደምትሄድ፣ በሩ ወደዚያ ካየ እስከ ጓዳ ገብታ እንደምትቀመጥ፣ ጀርባችንን ደግሞ ተረተሩ ከጉና ነፋስ እንደሚሸፍንልን። የገባኝ ግማሹ ነው። አለመሞታቸው ግን በደንብ ገብቶኛል። በማግስቱ ዶማ የምሰርቀው እኔ አፈር የምዝቀው ሆንሁ።

መጋቢት ላይ ለደቦ አሥራ አምስት ያህል ሰው መጣ። ጠላ ተጠምቋል፣ የባቄላ ንፍሮ ተቀቅሏል። ወንዶቹ እየዘፈኑ ቆፈሩ፤ አባባ በአንድ ወር የማይጨርሱትን እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱት። ሁሉም የድንች ማስቀመጫ መስሏቸዋል። በምሳ ላይ ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ጉድጓዱን አየት አድርጎ፣ «አያ ደሴ፣ ይኸ ስንት ኩንታል ይይዛል?» አለ።

«ድንች አይደለም» አሉ አባባ። «ቤት ነው። ምራቴ ትወልድበታለች።»

አያ ፈንቴ ጠላውን አስቀመጠ። በመንደራችን ዕድር መቃብር የሚቆፍሩት እሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት ትንሿን መቃብር የቆፈረው እሱ ነበር።

«አያ ደሴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ሰው ለሚገባበት ጉድጓድ የምንቆፍረው ሰው ሲሞት ነው። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ቆፍሬ አላውቅም፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው ውኃ ጠየቁ። እኔ ማሰሮ ይዤ ሄድሁና አስታጠብኋቸው። አሥራ አምስት ሰው ሁሉ፣ እንደ ለቀስተኛ፣ እጁን ታጥቦ ነው የወጣው። ለእኔ ግን ቁም ነገር ያለው ሥራ ስለተሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዱን ሳላስታጥብ አላሳለፍሁም። ቀና ስል እናቴ ከቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም።

አመሻሹ ላይ አባባ ፊት ቆመች። ለአማቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገችም።

«አባቴ፣ አንቱ ለደጉ እንዳሰቡ አውቃለሁ። አንዱን ልጄን ግን አፈር ወስዶብኛል። ሁለተኛውን በገዛ እጄ ይዤለት አልገባም። በቆርቆሮው ስር ብርድ ቢገድለንም እዚያው ነኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉ አባባ። «አንቺ ባትገቢም እኔ እጨርሰዋለሁ። ክፍት ሆኖ ይጠብቅሽ።»

ለአፍ ዳገት የለውም፤ ወሬው በሳምንቱ ዐርብ ገበያ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። የአባባ ስም ፍልፈል ሆነ። ትምህርት ቤት «የፍልፈል ልጅ» ብለው ሲሰድቡኝ ፍልፈል እንኳ ከእናንተ ይሻላል፣ አይበርደውም ብዬ መለስሁላቸው። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ሁለት ልጆች መደብደብ አስፈለገኝ።

አባቴ በሁለቱ መሀል ተጨነቀ። ለአባቱ እሺ፣ ለሚስቱም እሺ ይላል፤ ስለዚህ ለማንም አይሠራም ነበር። አባባ ብቻቸውን ግድግዳውን በድንጋይ አስያዙ። የጽድ ወራጅ አጋደሙ፣ ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደሩ፣ ሸራ አነጠፉ፣ አመድና ጭቃ ለወሱበት፣ ከዚያ ክንድ የሚሞላ አፈር መለሱበት። የሚነድ ጥቂት ፍም እንዳያፍነን ደግሞ የእናቴን የተሰነጠቀ እንስራ ቂጡን አውጥተው ለጭስ መውጫ ጣሪያው ላይ ተከሉት። እንስራዋ መሆኑን አውቃ እንዳላወቀች ሆነች።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዶፍ መጣና በጓዳው በኩል ውኃ ገባ። አባባ ጭቃው ውስጥ ቆመው ጎርፉን በባልዲ ሲዝቁ እኔ በሳህን እዝቅ ነበር። እናቴ ከበር ላይ አየችን፤ «አላልሁም ነበር?» ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። አባቴ ያን ጊዜ ተነሳ። ዝናቡ ሳያባራ በሬዎቹን ጠምዶ ከቤቱ በላይ ያለውን ተረተር በማረሻ ሰነጠቀው፤ ገብስ ማሳ ላይ ጎርፍ ለመመለስ እንደምናወጣው ያለ ፈሰስ፣ ግን ጥልቅ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ። ጎርፉ ቤቱን ከቦ አለፈ። አባባ ልጃቸውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«እስካሁን የት ነበርህ?»

«እያሰብሁ ነበር» አለ አባቴ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አብሯቸው ሠራ። ሰኔ ላይ ጣሪያው ላይ ገብስ ዘሩበት፤ ሥሩ አፈሩን እንዲይዘው ነው። ቤቱ ከተረተሩ ጋር ስለተያያዘ ከጀርባ ለሚመጣ ሰው ማሳ እንጂ ቤት አይመስልም። የአያ ፈንቴ በሬም ማሳ መስሎት አንድ ቀን ገብሱን እያጨደ መሀል ላይ ቆሞ ተገኘ። አያ ፈንቴ ከሩቅ አይቶ መጣ፤ ግን ጠርዙ ላይ ደርሶ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ።

«ወደ ውስጥ ይወድቅብኛል» አለ፣ ትንፋሽ አጥሮት። «አያ ደሴ፣ በሬዬ ይወድቃል።»

አባባ በበሩ ወጥተው ሽቅብ አዩት። «እኔ ከስሩ ቁጭ ብዬ ሰላም ነኝ» አሉት። «ቆርቆሮህ ላይ አውጣውና ልዩነቱን እይ።»

አያ ፈንቴ ደፈር ብሎ ወጣ። በሬውን ከነዳ በኋላ ሰው የማያየው መስሎት በተረከዙ ጣሪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ፍልፈል ሲል አልሰማሁትም።

በዚያው ሰሞን አባባ ሙክታቸውን እየነዱ መካነ ኢየሱስ ወርደው ሶላር ይዘው ተመለሱ። ገበያ ላይ ሱቅ ያለው ሰይድ ራሱ በቅሎ ላይ ጭኖ አብሯቸው መጣ፤ ገጣጥሞ ሳያሳይ ዕቃ አይሸጥም። ጥቁር ብርጭቆ የመሰለ ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪ፣ ሁለት አምፖል። ሰሌዳው ወዴት ይዙር በሚለው ላይ ሁለቱ ተያያዙ።

«አባቴ፣ ጋደም አድርገን ወደ ሰማይ ነው የምናሳየው» አለ ሰይድ። «ኃይሉ እኩለ ቀን ላይ ነው።»

«በሐምሌ በጉና ላይ እኩለ ቀን የደመና ነው» አሉ አባባ። «ፀሐይ ብትኖር የጠዋቷ ናት። ወደ ምሥራቅ ቀና አድርገው።»

«ዕቃውን እኮ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ሰማዩን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ ስድሳ ዓመት በእግሬ ለክቼዋለሁ።»

ሰይድ ሳቀና እንዲዞር አድርጎ በእንጨት ላይ ተከለው። ለክረምት ወደ ምሥራቅ፣ ከመስቀል በኋላ ጋደም ብሎ ወደ ዓባይ። በየጊዜው ማዞሩና አቧራውን መጥረጉ ለእኔ ተሰጠኝ። አዲሱ ቤት ለማሞቅ ከአንድ እፍኝ ፍም ሌላ ስለማይፈልግ ኩበቱ ለማሳው ቀረ፤ ቅርጫቴን ሰቀልሁት። ሰሌዳው ፀሐይ የሚጠጣ መስሎኝ በፊቱ ሰው እንዲቆም አልፈቅድም፣ ዶሮ አባርራለሁ። ለገብሱ የሚበቃ ፀሐይ ይቀረው እንደሆነ ግን ሰግቼ አባባን ጠየቅኋቸው። «ለሁለቱም ትበቃለች፤ እሷ እንደ ሰው አይደለችም» አሉኝ።

ሐምሌ ገባ። ቤቱ አልቋል፣ አምፖሉ ይበራል፣ አባባና እኔ ቀን ቀን እዚያ እንውላለን። ዓይናቸው ስለደከመ ዳዊቱን እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ስሳሳት በቃላቸው ያርሙኛል። እናቴ ግን ወደ በሩ እንኳ አታይም። ሆዷ እየገፋ፣ ሳል እየጀማመራት፣ በቆርቆሮው ስር ጭሱን እየታጠነች ትውላለች። አባባ አይለምኗትም። እኔ ተደብቄ ማርያምን እለምንላት ነበር፤ እንደ ወንድሜ እንዳይሆንብን በጣም ፈርቼ ነበር።

ያስገባት የእኔ ጸሎት ይሁን የጣሪያው እንክርዳድ እስካሁን አላውቅም። እናቴ ገብስ ውስጥ እንክርዳድ አይታ ማለፍ አትችልም፤ የማንም ማሳ ይሁን፣ መንገድ ላይም ብትሆን፣ ቆማ ነቅላ ነው የምታልፈው። ጣሪያው ላይ ደግሞ እንክርዳዱ ከገብሱ እኩል ሆኖ ነበር፤ እኔና አባባ ለአረም ሰነፎች ነን። አንድ ጉም ያለበት ጠዋት በተረተሩ በኩል መጥታ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቤት ውስጥ አልገባችም፤ ማሳ ላይ ነው የቆመችው። አጎንብሳ መንቀል ጀመረች።

እኔ ከስር ሆኜ ዳዊቱን እያነበብሁ ነበር። በጭስ መውጫው የሚገባው ብርሃን ሲጨልም ቀና አልሁ። በእንስራው አፍ ላይ ሁለት እጅ ይታየኛል። ጣቶቿ በብርዱ ቀልተው ጭቃ ይዘዋል። አንዴ ሰብሰብ፣ አንዴ ዘርጋ ታደርጋቸዋለች፤ የምትሞቀው ከቤቱ የሚወጣውን አየር ነው። እማዬ ብዬ ልጠራት ስል አባባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና፣ «አንብቢ» አሉኝ በሹክሹክታ። አነበብሁ። እጆቿ እስኪነሱ ድረስ ሁለት መዝሙር ጨረስሁ።

በማግስቱ ጣሪያው ላይ የቀረ አረም አልነበረም። እሷ ግን መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ስለ ገብሱ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማንም አላነሳባትም።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ወንዙ ጎደል ባለ ቀን፣ የቀበሌያችን ጤና ባለሙያ ገፋፍታት ጤና ጣቢያው ካለው የእናቶች ማቆያ ወረደች። ስትሄድ ወደ የትኛው ቤት እንደምትመለስ አልተናገረችም። አባቴ ሁለቱንም ቤት አሰናዳ፤ እዚህም እንጨት ከመረ፣ እዚያም መደቡን በአዲስ ጭቃና ጭድ ለቀለቀ። «ሁለት ቤት ያለው ሀብታም ሆንህ» ብለው አባባ ቀለዱበት፤ እሳቸውም ግን እንቅልፍ እንደሌላቸው ያስታውቅ ነበር።

በፍልሰታ መጨረሻ ስልክ ተደወለ። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። በስድስተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ፤ ከተሸካሚዎቹ የፊተኛው አያ ፈንቴ ነበር። ቀን ነው፤ ግን ሰማዩ ጠቁሮ በረዶ መጣል ጀምሯል። እኔና አባባ ከመንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅናቸው። ግቢያችን ጋ መንገዱ ይከፈላል፤ በግራ ቆርቆሮው፣ በቀኝ ተረተሩ። አያ ፈንቴ እዚያ ላይ ቆመ። በረዶው ባርኔጣውን ይደበድበዋል።

«ወዴት እናስገባት?» አለ።

አባቴ ወደ እናቴ አየ። አባባ ወደ እግራቸው ማየት ጀመሩ፤ ጥላ የሌለበት ቀን ሆኖ እንጂ የሚለኩ ይመስሉ ነበር። እናቴ ከፊቷ ላይ ኩታዋን ገለጥ አደረገች። ከቆርቆሮው የበረዶው ጩኸት እስከ መንገዱ ይሰማል። ወደዚያ አየች፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ወዳለው ገብስ አየች፤ ዘለላው ሞልቶ አጎንብሷል።

«ገብሱን እንዳትረግጡት» አለች። «በታች በኩል ዙሩ።»

አያ ፈንቴ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

እኔ ቀድሜ ሮጬ አምፖሉን አበራሁ። የጠዋቷን ፀሐይ ሰሌዳው ይዟት ስለነበር በራ። ቃሬዛውን ደፉ ላይ ሲያስቀምጡት እናቴ በራሷ እግር ልግባ አለች። ልጅቷን ለአባባ ሰጠቻቸው፤ አባባ እንደ ታቦት ይዘዋት ደርቀው ቆሙ። እናቴ ቀስ ብላ ቤቱን አቋርጣ እስከ ጓዳው ሄደች፤ ግድግዳው ራሱ ተረተሩ የሆነበት ጋ። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። አላነሳችውም።

«በረዶው አቆመ እንዴ?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አላቆመም ልጄ» አሉ አባባ። «እዚህ ስለማይሰማ ነው።»

«ብርዱስ? አይገባም?»

«ብርዱም እስከዚህ አይወርድም።»

አያ ፈንቴ ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆሟል። ከዚያ መዳፏ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ለራሷ የምትናገር ያህል ቀስ ብላ፣

«እሱም አልበረደውም ማለት ነው» አለች።

«አልበረደውም» አሉ አባባ።

አለቀሰች፤ ባለፈው ክረምት ያልወጣላት እንባ ነበር። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ዞረችና እህቴን ተቀብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ዝናብ ሲጥል «በረደው» የምትለው ማንን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ፤ ጥጃውን አልፈለግሁም።